አንዲት ቅጠል ፕሮግራም ከአዳማ እስከ ዲማ

ጎጃም ሄጄ ተመለስኩ። አዳማ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «እዚያ ማን አለሽ?» ብሎ ነው። ዘመድ እንደሌለኝ ስነግረው «ታዲያ ምን ልትሠሪ ሄድሽ?» ይለኛል። «ስልሳ መስመር ጽሑፍ ላደርስ» ስል ይስቃል። ለእያንዳንዱ ሰው ከምለፈልፍ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። ወደዚያ የመሄድ ሐሳብ የሌላችሁም ብርዱንና መንገዱን በእኔ ዓይን ታዩታላችሁ። መጨረሻውን ግን ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ ሆዴ ውስጥ ማቆየት አልቻልኩም፤ አሸነፍን!

ነገሩ የይታይሽ ነው። ይታይሽ ዩኒቨርሲቲ ሳለን አራት ዓመት አንድ መኝታ ክፍል አብራኝ የኖረች ጓደኛዬ ናት። እኔ ተመርቄ አዳማ ገባሁና አንዲት ክፍል ተከራይቼ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፣ ሲገኝም ፕሮግራም እጽፋለሁ። እሷ ደብረ ማርቆስ አንድ ኮሌጅ ውስጥ አስተማሪ ሆነች። ሚሌኒየማችን ሊገባ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ደወለችልኝ።

ክፍሏ ውስጥ አሥራ ሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች አሉ። ልታስተምር የተመደበላት ኮርስ በኦብጀክት ፕሮግራም መጻፍ የሚባለው ነው። ኮርሱ የሚሰጥበት ትልቅ የፕሮግራም ቋንቋ ግን እነዚያ ማሽኖች ላይ ሲጫን ወይ አልነሳም ይላል፣ ወይ ተነስቶ መልሶ ይተኛል። የክፍሉ ኃላፊ አቶ ደሳለኝ «አዲስ ማሽን እስኪመጣ ኮርሱ ይሰረዝ፣ ክፍሉም መጋዘን ይሁን» አሉ። አዲስ ማሽን መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ይታይሽ ለምና ለምና አንድ ዕድል አገኘች። ሰኞ ጠዋት ባሉት ማሽኖች ማስተማር እንደሚቻል ካሳየች ኮርሱ ይቀጥላል። ካላሳየች ወንበርና የተሰበረ ጠረጴዛ ይገባበታል፣ እሷም ሌላ ሥራ ትፈልጋለች።

እኔ ደግሞ ለዚህ የሚሆን ነገር ነበረኝ። እነዚያ ማሽኖች በቀላሉ የሚሸከሟት አንዲት ትንሽ የስክሪፕት ቋንቋ አለች። ጉድለቷ ኦብጀክት የሚባል ነገር አለማወቋ ነው። ስልሳ መስመር ጻፍኩና ጨመርኩላት፤ ስሙንም «ታናሽ» አልኩት። ሐሳቡ ከባድ አይደለም። ፕሮግራሙ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ነገር የራሱን ጉዳይ ራሱ ይይዛል፣ የማያውቀውን ሲጠየቅ ታላቁን ይጠይቃል፣ ታላቁም ካላወቀ የታላቁን ታላቅ። አለቀ። እሱን በፍላሽ ዲስክ ይዤ ተነሳሁ።

ማክሰኞ

ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ ሁላችሁም ስለምታውቁት እዘለዋለሁ። አውቶቡስ ተራ አጠገብ አልጋ ያዝኩ። አልጋው ለአንድ ሰው ነው ቢሉኝም ከእኔ በፊት የገቡ ቁንጫዎች ነበሩበት፣ መልቀቅም አልፈለጉም። እየተከላከልኩ አነጋሁ።

ረቡዕ

አውቶቡሱ ጎህ ሲቀድ ተነሳ። የለበስኩት ጃኬት አዳማ ውስጥ «አልበዛም?» የሚያስብል ነበር። ፍቼ ስንደርስ እንደ ወረቀት ሆነብኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ እጄን ብብቴ ውስጥ መሸጎጤን አይተው «ከየት ነሽ ልጄ?» አሉኝ። ከአዳማ ነኝ ስላቸው በሐዘኔታ አዩኝና እፍኝ ሙሉ ቆሎ ሰጡኝ፤ ቆሎ ብርድ ያስታግስ ይመስል። ደግሞም አስታገሰልኝ።

አባይ በረሃ መውረድ ስንጀምር ሙቀቱ መጣ። ሰው ሁሉ እየተነፈሰ ልብሱን ሲያወልቅ እኔ ብቻ ፈገግ አልኩ፤ አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ዳገቱን ስንጀምር አውቶቡሱ ጋለና ቆመ። ሾፌሩ «ይብረድለት» ብሎ አወረደን። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ሁለት ሰዓት ቆየን። ያልቀረበ ስንቅ አልነበረም፤ አንዷ ዳቦ፣ አንዱ ሙዝ፣ ሽማግሌው እንደገና ቆሎ። አዳማ መኪና ቢበላሽ ሾፌሩን ስንሳደብ ነበር የምንውለው። እዚህ ተዛመድን። የሚያልፈው ከባድ መኪና ሁሉ አቧራውን አልብሶን ሄደ፤ ጃኬቴ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው ጠፋኝ።

ደብረ ማርቆስ የደረስነው ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ነው። ይታይሽ መናኸሪያው በር ላይ ጋቢ ታቅፋ ቆማለች። ሰላም ከማለቷ በፊት ጋቢውን ጣለችብኝ። «እንደምትመጪ የነገርሽኝ ጊዜ መጀመሪያ ያሰብኩት ይሄን ነው» አለች። በባጃጅ ወደ ቤቷ ሄድን፤ ባጃጁ እንደኛው ነው፣ ዳገቱ ግን የእነሱ ነው።

ይታይሽ የምትኖረው እትዬ ስንዱ ከሚባሉ ሴት ግቢ ተከራይታ ነው። እትዬ ስንዱ ገና ሲያዩኝ ጃኬቴን ከላዬ ገፈፉት። «ይኼ የአባይ በረሃ አፈር ነው። በረሃውን ተሸክመሽ እኔ ቤት አታድሪም» አሉኝ። ትኩስ ሾርባ ሰጡኝ፣ ሁለት ብርድ ልብስ ደረቡብኝ፣ እንደ ድንጋይ ተኛሁ።

ሐሙስ

ረፋዱ ላይ ስነቃ ጃኬቴ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ውኃ ያንጠባጥባል። ፍላሽ ዲስኳን ኪሱ ውስጥ ነበር የተውኳት።

«እትዬ ስንዱ፣ ኪሱ ውስጥ...»

«አይዞሽ፣ አልጠፋችም!» አሉ እየሳቁ። «ያቺን ማበጠሪያ የምትመስል ነገር ነው? ለብቻዋ አጥቤ ፀሐይ ላይ አስጥቻታለሁ። አቧራ ገብቶባት ነበር፤ ክዳኗን ከፈትኩና ውስጧን በመርፌ ጠርጌ ጠርጌ አጸዳሁት።»

ድንጋይ ላይ፣ ንጹሕ ጨርቅ ተነጥፎላት፣ ለሁለት ተከፍታ ተኝታለች። በሕይወቴ እንዲህ የጸዳ ፍላሽ ዲስክ አይቼ አላውቅም። ልቆጣ አፌን ስከፍት የሴትዮዋ ፊት በደስታ ያበራል። «እግዜር ይስጥልኝ» ከማለት ሌላ ምን እላለሁ?

ከይታይሽ ጋር ኮሌጁ ሄደን በሁሉም ማሽን ሞከርናት፤ አንዱም አላወቃት። ሌላው ቅጂ አዳማ ቢሮዬ ውስጥ ነው። የቢሮዬ ቁልፍ ደግሞ ሱሪዬ ኪስ ውስጥ። ወንድሜ በሩን ሰብሮ ቢገባ እንኳ ፋይል መላክ አያውቅበትም። ልጽፈው ብዬ አንዱ ማሽን ላይ ተቀመጥኩ፤ አሥር መስመር እንደጻፍኩ መብራት ጠፋ። መስመሩ ስለሚጠገን እስከ እሑድ ማታ እንደማይመጣ ጥበቃው ነገሩን።

ይታይሽ አልወቀሰችኝም፤ ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። መስኮቱ አጠገብ ቆማ ግቢውን ስታይ ቆየችና «ነገ አባቴ ጋ እንሂድ» አለች። «እዚህ ሦስት ቀን የጠፋ መብራት ከምንጠብቅ። ከነሐሴ ወዲህ አላየኋቸውም።»

አባቷ ዲማ የቅኔ መምህር ናቸው። ተማሪው ሁሉ «የኔታ» ስለሚላቸው እሷም የምትጠራቸው በዚሁ ነው። ኮርሱ ሊዘጋ እንደሆነ አልነገረቻቸውም።

«ምን እንደማስተምር እንኳ በደንብ አያውቁም» አለችኝ። «ታይፕ የማስተምር ይመስላቸዋል። አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም።»

ዓርብ

በሚኒባስ ቁይ ወደምትባል ከተማ ሄድን። ጉልበቴ ከአንዲት ሴት የእህል ከረጢት ጋር ተጣብቆ ነበር የተጓዝነው። ቁይ ምሳ በላን፤ ዓርብ ስለሆነ ሽሮ ነው። የምግብ ቤቷ ባለቤት እንግዳ መሆኔን ስታውቅ ሳልጠይቃት ሽሮውን እንደገና ጨመረችልኝ፣ አሁንም ጨመረችልኝ። «በቃኝ» ስላት «አልበላሽም» ትለኛለች። አዳማ ሽሮ ቀይና ውኃ የበዛበት ነው፤ ይሄኛው እንጀራውን ይዞ የሚቆም ነበር። በሌላ መኪና ትንሽ ከሄድን በኋላ የቀረውን በእግር ተያያዝነው።

የአዳማ ሰው እግሩን የሚያውቀው ሜዳ ላይ ነው። ሃያ ደቂቃ ሳልሄድ ትንፋሼ አጠረ። ይታይሽ ተረከዝ ባለው ጫማዋ እንደ ሚዳቋ ትሄዳለች፤ ደሜ ፈላ። ግራና ቀኙ ጤፍ ነው፣ ነፋሱ ሲመጣ ማሳው ሁሉ ባንድ ላይ ይተኛል። የሚያጋጥመን ሰው ሁሉ ቆሞ ሰላም ይላል፤ ስለ ጤናችን፣ ስለ አገራችን፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቃል። አንድ ገበሬ ወደ ኋላ መቅረቴን አይተው ምንም ሳይናገሩ ቦርሳዬን ከትከሻዬ ወስደው መንገዳቸውን ትተው ሸኙን። አዳማ ማንም ሰው ቦርሳዬን ከትከሻዬ ቢወስድ ሌባ ብዬ እጮህ ነበር።

ቤቱ ስንደርስ የይታይሽ እናት ሞቅ ያለ ውኃ በገበቴ አቀረቡ። እግሬን ካላጠብኩ ብለው ተንበረከኩ። እኔ እንቢ፣ እሳቸው እንቢ። «የመንገደኛ እግር ነው፣ ዝም በይ» አሉኝ በመጨረሻ። እግሬን ሰጠኋቸው። አንጀቴን አራሱት፤ እንባዬ መጣ። የኔታ ነጭ ጥምጥማቸውን አድርገው፣ ጭራቸውን ይዘው ከተማሪዎቻቸው ዘንድ መጡ። ባርከውኝ «እንደምን ሰነበታችሁ» አሉና ስለ መንገዱ ብቻ ጠየቁን። ስለ ሥራ ያነሳ የለም።

ቅዳሜ

በድምፅ ነቃሁ። ተማሪዎቹ ከየጎጇቸው ወጥተው፣ ገሚሱ ዛፍ ሥር፣ ገሚሱ ካብ ላይ ተቀምጦ ለየራሱ ያነበንባል። ማንም እጁ ላይ ወረቀት የለውም። ይታይሽ ከቤቱ ጀርባ ያለውን አጥር አሳየችኝ።

«ልጅ ሆኜ እዚህ ቆሜ እሰማቸው ነበር» አለች። «ከገቡት ተማሪዎች ቀድሜ የምይዝበት ቀን ነበረ። ግን ማን ይጠይቀኛል?»

እኔ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ ስልሳውን መስመር ለማስታወስ ወረቀት እሞነጫጭራለሁ። ሃያው መጣ፤ ቀሪው ተደበላለቀብኝ። ወረቀቱን ጨምድጄ ስወረውረው የኔታ አጠገቤ ቆመው አገኘኋቸው።

«ምነው ልጄ፣ ቤታችን አልተስማማሽም?»

«ኧረ ተስማምቶኛል የኔታ። ጽሑፍ ጠፍቶብኝ ነው።»

«የምን ጽሑፍ?»

«ኮምፒውተር የሚያነበው ነው።»

«ስንት ቅጠል ነው?»

ቅጠል ሲሉ የብራና መጽሐፍ አንድ ሉክ ማለታቸው እንደሆነ ይታይሽ ነገረችኝ። አሰብኩና «አንድ ቅጠል፣ ፊትና ጀርባው» አልኳቸው።

«ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«አንቺው ራስሽ?»

«እኔው ራሴ።»

የኔታ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ወደ ይታይሽ ዞረው «ራሷ የጻፈችው አንድ ቅጠል ጠፋብኝ ነው የምትለኝ?» አሏት። የእውነት አልገባቸውም። እሳቸው ዘንድ ሰው መጽሐፍ ሙሉ በቃሉ ይዞ ነው አገር ላገር የሚዞረው። የሠሩትን ነገር ዕቃ ላይ ብቻ አስቀምጦ ባዶ ጭንቅላት መሄድ በሕይወታቸው አጋጥሟቸው አያውቅም። እኔ ደግሞ ከዚያች ደቂቃ በፊት ፕሮግራም በቃል ይያዛል ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። አፈርኩ።

«በይ አሰሚኝ» አሉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አይገባዎትም እኮ የኔታ።»

«አንቺ በይው እንጂ መግባቱ የኔ ነው።»

ጀመርኩ። ግማሹ እንግሊዝኛ፣ ግማሹ ምልክት ነው፤ ቅንፍ ክፈት፣ ቅንፍ ዝጋ፣ እኩል ይሆናል እያልኩ። ተማሪዎቹ ማነብነባቸውን ትተው ያዩኛል። የኔታ ስድስተኛው መስመር ላይ ጭራቸውን አነሱ።

«እዚህ ላይ ድምፅሽ ዝቅ አለ። አላወቅሽውም። ተመለሺ።»

ተመለስኩ፤ እውነትም አላወቅኩትም ነበር፤ አሁን መጣልኝ። አሥራ አራተኛው ላይ ደግሞ «ለምን ፈጠንሽ?» አሉኝ። «ሰው የሚፈጥነው ያላመነበት ቦታ ላይ ሲደርስ ነው።» አየሁት፤ ሁለት መስመር ዘልያለሁ። እንዲህ እያልን፣ እሳቸው እየያዙኝ፣ ይታይሽ ጉልበቷ ላይ እየጻፈች፣ ቀትር ሳይሆን ስልሳው መስመር ወረቀት ላይ ተሰደረ። ቋንቋውን የማያውቁ ሰው ከሦስት ቀን ድንጋጤ አወጡኝ። መዝለል አማረኝ።

«ግሩም» አሉ የኔታ። «አሁን ትርጓሜውን።»

አስረዳኋቸው። ማሳያው የተማሪ ውጤት የሚመዘግብ ፕሮግራም እንደሆነ፣ ተማሪው የማያውቀውን ሲጠየቅ ወደ ታላቁ እንደሚሄድ፣ ታላቁም ወደ ታላቁ።

«ይኼማ የእኛው ቤት ነው» አሉና ጣታቸውን ወደ ጎጆዎቹ ዘረጉ። «ጀማሪው ያልገባውን ከእኔ በታች የሚያስተምረውን አስነጋሪውን ይጠይቃል። አስነጋሪው ካላወቀ እኔ ጋ ይመጣል። እኔስ ባላውቅ?»

«የእኔው ፕሮግራም ባዶ ይመልሳል።»

«እኔም አንዳንዴ» አሉ፤ ተማሪዎቹ ሁሉ ሳቁ። ከዚያ ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ዕውቀቱን ከላይ ይወስዳል፣ ይሁን። ለምኖ ያመጣውን ቁራሽስ የት ያኖራል?»

የቅኔ ተማሪ መንደር ለመንደር ለምኖ የሚያመጣውን ቁራሽ የሚይዝበት ከረጢት አለው፤ አኩፋዳ ይባላል። በእኔ ፕሮግራም ውስጥ ተማሪው የሚሰበስበው የፈተና ውጤት ነበር። «ታላቁ ዘንድ አንድ ዝርዝር አለ፣ እዚያ ውስጥ ይገባል» አልኳቸው።

«የሁሉም?»

«አዎ... የሁሉም።»

የኔታ ከልባቸው ሳቁ። «ታዲያ አገሩ ሁሉ በአንድ አኩፋዳ ሊለምን ነው? አንዱ ዳገት ወጥቶ የለመነውን፣ እቤቱ ተኝቶ የዋለው የኔ ነው ሊል ነው? ዕውቀት ከመምህር ይወሰዳል ልጄ፣ አኩፋዳ ግን በየራስ ነው።»

እውነታቸውን ነው! ለአንዱ ተማሪ ውጤት ስሰጥ ውጤቱ የሚመዘገበው ለሁሉም ነው። እኔ አዳማ ሆኜ ስሞክር አንድ ተማሪ ብቻ ነበር የፈጠርኩት፤ ለአንድ ተማሪ ደግሞ ሁልጊዜ ልክ ነው። ያቺን ፍላሽ እትዬ ስንዱ ባያጥቧት ኖሮ ስህተቱን ይዤ ሰኞ አቶ ደሳለኝ ፊት እቆም ነበር። ሁለት መስመር ጨመርኩ፤ አዲስ ተማሪ ሲፈጠር የራሱ ዝርዝር አብሮት ይፈጠራል። የዝርዝሩንም ስም «አኩፋዳ» አልኩት።

ይታይሽ ያን ጊዜ ነው ለአባቷ የነገረቻቸው። ኮርሱን፣ መጋዘኑን፣ ሰኞን፣ ሁሉንም። እጃቸውን ወደ ወረቀቱ ዘረጉ።

«አንቺ የምታስተምሪው ይኸንን ነው?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«ይኸንን ነው?» አሉ እንደገና።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ልንሰናበት ስንል የኔታ በትራቸውን ይዘው፣ ስንቃቸውን አስይዘው በር ላይ ቆመዋል። «እኔም እሄዳለሁ» አሉ። ማን ይከራከራቸዋል?

ቁልቁለቱን ስንወርድ ይታይሽ ፕሮግራሙን በቃሏ ማሰማት ጀመረች። ከመጀመሪያው መስመር ተነስታ እስከ መጨረሻው ወረደች፤ አንድ ቦታ ብቻ ነው ያረምኳት። ሁለተኛ ስትለው የማርመው አልነበረኝም። ቅዳሜ ጠዋት እኔ ስል ሰምታ፣ አንዴ ጽፋ፣ ያዘችው! እውነቱን ልናገርና ቀናሁ። የእኔ ሥራ እሷ አፍ ላይ ከእኔ አፍ ይልቅ አማረ። የኔታ ከኋላችን ናቸው፤ የመንገዱን ግማሽ ሰው ሰላም ሲሉ፣ ግማሹን ደግሞ ዝም ብለው ሲሰሟት ሄዱ።

ሰኞ

መብራት መጥቷል። አቶ ደሳለኝ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ገቡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የደከማቸው ሰው ናቸው፣ ዓይናቸው ግን ክፍሉን እንደ መጋዘን ነው የለካው። የኔታን ሲያዩ ጎንበስ ብለው ሰላም አሏቸውና ወንበር አስመጡላቸው። አሥራ ሁለት ተማሪዎች ማሽኖቹ ፊት ተቀምጠዋል። እኔ ማሳየት አማረኝ፤ ነገር ግን ኮርሱ የይታይሽ ነውና ጥግ ያዝኩ።

እያነበበች አጻፈቻቸው። የሚሰማው የኪቦርድ ድምፅ ብቻ ነው። አርባኛው መስመር ላይ አሥራ ሁለቱም ማሽኖች ባንድ ጊዜ ጥቁር ሆኑ። መብራት ሄደ። የተጻፈው አልተቀመጠም።

አቶ ደሳለኝ ቀስ ብለው ተነሱ። «እንግዲህ ይታይሽ፣ አየሽው...»

«ይቀመጡ» አለቻቸው።

ኃላፊዋን ነው። ድምጿ ግን እንቢ የሚሉት ዓይነት አልነበረም፤ ተቀመጡ። ወረቀቷን ጠረጴዛ ላይ ትታ ጠመኔ አነሳች፣ ሰሌዳው ፊት ቆመች፣ ከመጀመሪያው መስመር ጀመረች። አንድም ቦታ አልቆመችም፣ አንድም ቦታ አልፈጠነችም። እየጻፈች ታስረዳለች፤ ታናሽ ምንድን ነው፣ ታላቅ ምንድን ነው፣ ሳያውቅ ወዴት ይሄዳል፣ አኩፋዳ ለምን በየራስ ሆነ። ሰሌዳው ሞላ። ስልሳ ሁለት መስመር። ተማሪዎቹ ደብተራቸው ላይ ገለበጡ። ጠመኔውን ስታስቀምጥ አንደኛው ባልደረባ «ይኼው ነው? አለቀ?» አለ።

«አለቀ» አለች። «ስለዚህ ነው በእነዚህ ማሽኖች የሚቻለው።»

መብራቱ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመለሰ። ተማሪዎቹ ከደብተራቸው ጻፉት፤ ሁለቱ የቅንፍ ስህተት አገኙና ራሳቸው አረሙ። አሥራ ሁለቱም ሠራ! እነዚያ አሮጌ ማሽኖች አንዱም አልተኛም።

አቶ ደሳለኝ አልተሸነፉም። አንዱ ማሽን ጋ ሄዱና «ሁለት ተማሪ ፍጠሪ» አሏት። «ለአንደኛው ብቻ ውጤት ስጪ። የሁለተኛውን አሳዪኝ።»

ቅዳሜ ያረምኩትን ማሽን ላይ አልሞከርኩትምና፣ እሑድ ዕለት ብትጠይቁኝ የምፈራው አንድ ጥያቄ ይኸው ነበር። ይታይሽ ጻፈች። የመጀመሪያው ተማሪ ውጤቱን አሳየ። የሁለተኛው ባዶ ሆነ። አቶ ደሳለኝ ባዶውን ሲያዩ ፊታቸው ሲፈታ አየሁ።

«ከማን ነው የተማርሽው?» አሏት ወደ እኔ እያዩ።

እኔም ልብሴን አስተካከልኩ።

«ከአባቴ» አለች።

የኔታ ከኋላ፣ ከወንበራቸው፣ ብድግ አሉ። የቅኔ መምህር ሲያስተምር ተቀምጦ ነው፤ የሚነሣው የሚያከብረው ሰው ሲገባ ብቻ ነው። ልጃቸው ፊት ቆመው ቀሩ፤ ሌላውም ሰው ግራ ገብቶት አብሯቸው ቆመ። ይታይሽ ጠመኔ የነካው እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ ክብሬም አልጎደለብኝም።

«ኮርሱ ይቀጥላል» አሉ አቶ ደሳለኝ ቆመው እንዳሉ። «ለመጋዘኑ ሌላ ቤት እንፈልጋለን።»

ማክሰኞ

እትዬ ስንዱ ጃኬቴን ተኩሰው፣ ሁለቱንም ኪሶች ቆሎ ሞልተው ሰጡኝ። ሚኒባሱ የሚነሳው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። መናኸሪያ ስደርስ የኔታ ከእኔ ቀድመው ደርሰዋል፤ ጭራቸውን ይዘው፣ ቦታ አስይዘውልኛል። ሾፌሩን አስተዋወቁኝ፣ ረዳቱን አስተዋወቁኝ፣ ከኋላ የተቀመጠችውን ሴትዮ ሳይቀር አደራ አሏት። ይታይሽን በዓይኔ ፈለግኳት፤ ቅር አለኝ። አራት ዓመት አንድ ክፍል ኖረን፣ ለዚህ ሁሉ ጉድ መጥቼላት፣ ልትሸኘኝ እንኳ አትመጣም?

«ይታይሽስ የኔታ?» አልኳቸው።

ሾፌሩም፣ ረዳቱም፣ ከኋላ ያለችው ሴትዮም እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ልጄ ክፍል አላት» አሉ። «እያስተማረች ነው።»